የማይሄደው ብስክሌት

ናዝሬት ውስጥ ብስክሌት በጋሪ ተጭኖ ሲሄድ ያያችሁ ካላችሁ፣ ያ ብስክሌት የኔ ነው። ነጠላዋን አገልድማ፣ በሳቀባት ሁሉ ላይ እያፈጠጠች ጋሪውን በእግሯ የምትከተለውም እኔው ተሻለች ነኝ። «እትዬ፣ ብስክሌቱ ደከመው እንዴ?» ይለኛል አንዱ። «አንተን ይድከምህ!» እለዋለሁ። እንዲሁ እየሰደብኳቸው ቤቴ ደረስኩ።

እርግጥ የሳቁት ያለ ምክንያት አይደለም። ዕቃው ጎማ የለውም። ኮርቻ አለው፣ መሪ አለው፣ ፔዳል አለው፣ ከፊት ለፊቱ የሚሽከረከር ከባድ የብረት መዘውር አለው፤ ግን ቢነዱት ቢነዱት ካለበት ንቅንቅ አይልም። የሸጠችልኝ ማዳም «ቤት ውስጥ ስፖርት የሚሠራበት ነው» ነው ያለችኝ። ዘመኑ የደርግ ነው፤ ስኳር በቀበሌ ካርድ ተሰልፈን ነው የምንወስደው። በዚያን ጊዜ ቤት ውስጥ ስፖርት የሚሠራበት ብረት የገዛችን ሴት ጤነኛ ናት የሚል ማን አለ?

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ባሌ ወዬሳ የመንግሥት ጭነት መኪና ሾፌር ነው፤ መስመሩ ከናዝሬት ሻሸመኔ። አንድ ቀን ዝዋይን አለፍ ብሎ መኪናው ተገለበጠና ግራ እግሩ ተሰበረ። ነፍሱን ያተረፈልኝ አምላክ ይመስገን፤ ይህን ሁልጊዜ አስቀድሜ ነው የምለው። ጀሶው ተፈታ፣ አጥንቱም ገጠመ፣ ጉልበቱ ግን አልታጠፍ አለ። እንደ ዱላ ቀጥ ብሎ ቀረ። ግራ እግር ደግሞ ማርሽ ሲቀየር ፍሪሲዮን የሚረገጥበት እግር ነው። ፍሪሲዮን የማይረግጥ ሾፌር ምኑን ሾፌር ሆነ?

ሐኪሙ «ጉልበቱ ካልሠራ እንዲሁ ደርቆ ይቀራል፤ ብስክሌት ይንዳ» አለን። ብስክሌት! ያንን እግር ይዞ፣ በናዝሬት ጋሪ መሃል! «ዶክተር፣ የቀረውንም እግር ሊያሰብሩት ነው?» አልኩት። ሳቀ እንጂ ሌላ መላ አልነገረኝም። በላዩ ላይ ደግሞ ከመሥሪያ ቤቱ የስምሪት ኃላፊው ጓድ ገብረወልድ መልእክት ላከ፦ ክረምቱ ሲወጣ ወዬሳ ቀርቦ መኪና መንዳት መቻሉን ያሳይ፤ ካልቻለ ወደ ዘበኝነት ይዛወራል። ወዬሳ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ይሄ ሰው ከመንገድ የበለጠ የሚወደው ነገር የለውም፤ እኔ ራሴ የምመጣው ከመንገድ ቀጥሎ ነው።

ያኔ ተስፋ ቆረጥኩ። ልብስ መስፋት እችላለሁ፤ የስፌት መኪና ልግዛና ቤቱን እኔ ልያዘው አልኩ። በዚያው ሰሞን ባቡር ጣቢያው አጠገብ ሱቅ የነበራቸው ግሪኮች አገር ለቀው ሊሄዱ የቤት ዕቃቸውን ይሸጡ ነበር። ሄድኩ። የስፌት መኪናዋ ታምራለች፣ የተነካች አትመስልም፤ እጄን ጫንኩባት። ከአጠገቧ ይሄ ብረት ቆሟል። «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» ብል ማዳም ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወጣችበትና ነድታ አሳየችኝ። ፊቷ ቀላ፣ ላቧ በአንገቷ ወረደ፣ ብስክሌቱ ግን እዚያው ነው። እኔ የማየው ጉልበቷን ብቻ ነው። ይታጠፋል፣ ይዘረጋል፣ ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። የማይወድቅ ብስክሌት! ጋሪ የማይገጨው ብስክሌት!

የያዝኩት ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ነው የሚበቃው። የስፌት መኪናዋን ገዛሁ ማለት ባሌ ዘበኛ መሆኑን በገዛ እጄ ፈረምኩ ማለት ነው። እጄን አነሳሁና «ይሄኛውን ጫኑልኝ» አልኩ። ያንን ቃል ከአፌ ያስወጣው እግዚአብሔር ነው፤ እኔማ አስቤው አይደለም። ማዳምንም ባለችበት አገር ጤና ይስጥልኝ።

ቤት ስደርስ ወዬሳ አልጋው ላይ ሆኖ ጠበቀኝ።

«የስፌት መኪናው የታለ?»

«ይኸውልህ።»

«ይሄ እኮ ብስክሌት ነው።»

«አዎ።»

«ጎማውስ?»

«ጎማ የለውም።»

አየኝ፣ አየኝና «ተሹ፣ አሞሻል እንዴ?» አለ።

መቼም እኛ ሰፈር የታመመ ሰው ብቻውን አይተውም። ጠዋት ሴቶቹ፣ ከሰዓት በኋላ ሾፌሮቹ ሊጠይቁት ይመጣሉ። እግዜር ይስጣቸውና ባዶ እጁን የሚመጣ የለም። የሚሉት ግን አንድ ነው፦ «ተኛ! እንዳትነሳ! መድኃኒቱ ዕረፍት ነው!» ጎረቤቴ አረጋሽማ ትራሱን ራሷ እያስተካከለች «አንቺ ሰውየውን ልትገድዪው ነው? በስብራት ላይ ስፖርት!» ትለኛለች። ወዬሳም እንግዳ ተቀምጦ እያየኝ ብረት ላይ መወዝወዝ ነውር ነው ይላል። እንግዳ ደግሞ ከቤታችን ጠፍቶ አያውቅም። እንዲህ እያለ ሐምሌ ገባ፤ ብስክሌቴ ላይ እርጥብ ፎጣ ይሰጣበት ጀመር።

አንድ ቀን ደሜ ፈላ። አልጋውን ወደ ጓዳ ገፋሁት፣ አግዳሚ ወንበሮቹን ብስክሌቱ ዙሪያ ደረደርኩና ለመጣው ሁሉ አወጅኩ። «ከዛሬ ጀምሮ ወዬሳን መጠየቅ የፈለገ እዚህ ይጠይቀው! ተኝቶ የሚጠየቅ ሰው እዚህ ቤት የለም!»

ከት ብሎ የሳቀው ኑሬ ብቻ ነው። ኑሬ የወዬሳ የሥራ ባልደረባ ነው፤ ሁለቱም ፀጉራቸው በዚያው መስመር ላይ ነው የሸበተው። «አንተ ወዬሳ፣ አለቃህ አዛለች፤ ተነስና መኪናህን አስነሳ!» አለው።

ደግፈን ብስክሌቱ ላይ አወጣነው። ፔዳሉ ሙሉ አልዞረለትም፤ ትንሽ ወደፊት፣ ትንሽ ወደ ኋላ። ወዬሳ ጥርሱን ነክሶ እንባው ዱብ ዱብ ይላል። እኔ በቃ ውረድ ልለው አፌን ስከፍት ኑሬ «ገና ከመናኸሪያ አልወጣንም፣ ቀስ በል» አለው። ወዬሳ በእንባው መሃል ሳቀ። በማግስቱም ሳልነግረው ወጣበት።

ከዚያ ወዲያ ሾፌሮቹ በተራ እየመጡ፣ እሱ ሲነዳ የሻሸመኔን መንገድ ከተማ በከተማ ይጠሩለት ጀመር። «ሞጆ ገባን!» «ቆቃ ድልድይ ላይ ነን፣ ቀስ!» «መቂ ቁም፣ ሽንኩርት እንግዛ!» «ዝዋይ ዓሣ ሳንበላማ አናልፍም!» አረጋሽ እንኳ ትራሷን ትታ «ላንጋኖ ስትደርሱ ቀስቅሱኝ፤ አይቼው አላውቅም» ትላለች። አንድ ከሰዓት ቡልቡላ ላይ ፔዳሉ ሙሉ ዞረ። እልልታዬን ሰምቶ ማን ወለደ ብሎ የመጣም ነበር። ምን ዓይነት ሰዎች ሰጠኸኝ ብዬ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ።

ፔዳሉ ግን ከባድ ነው። ኑሬ አንድ ቀን ጎንበስ ብሎ መዘውሩን ሲያይ ግጥም አድርጎ የያዘው ቆዳ አገኘ፤ ቆዳውን የሚያጠብቅ ብሎን አለው። «ኧረ የሰው ያለህ! ፍሬኑ ይዟል እኮ! ይሄን ያህል ጊዜ በተያዘ ፍሬን ነው የምናስነዳው?» ብሎ ጮኸ። ፍሬን የያዘ መኪና አይቶ ዝም የሚል ሾፌር የለም። ሌሎቹም ተንጫጩ፣ ካቻቢቴ መጣ፣ ብሎኑ ላላ። ፔዳሉ ቅቤ ሆነ። ወዬሳ እየተጫወተ ሻሸመኔ ደርሶ ሳይመሽ ይመለስ ጀመር። ጉልበቱም ዕለት ከዕለት ይበልጥ እየታጠፈ ሄደ። እኔ ኑሬን ስመርቅ ከረምኩ፤ ለእንቁጣጣሽ ድፎ ዳቦ ደፍቼ ጠርቼዋለሁ።

መስከረም ላይ ለፈተናው መሥሪያ ቤቱ ግቢ ሄድን። ወዬሳ ደረጃውን ወጥቶ፣ እግሩን አጥፎ ከመሪው ኋላ ሲቀመጥ ሾፌሮቹ አጨበጨቡ። ሞተሩ ተነሳ። ፍሪሲዮኑን ረገጠ፤ ማርሽ አስገባ። ከዚያ እግሩ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከበሩ ሥር ቆሜ ሱሪው ሲርገፈገፍ አያለሁ። እግሩ ከፍሪሲዮኑ ላይ አመለጠ፤ መኪናው እመር ብሎ ዘለለና ጠፋ። ደግሞ ሞከረ፣ ደግሞ ጠፋ። የሚያጨበጭብ ሰው አልነበረም።

ጓድ ገብረወልድ ክፉ ሰው አይደለም። ወደ ጎን ወሰደኝና «እትዬ ተሻለች፣ እስከ ጥቅምት መጨረሻ እጠብቀዋለሁ። ከዚያ በላይ እኔም አለቃ አለብኝ» አለኝ። ይህችንም ቀን ማን ይሰጣል? አመስግኜው ወጣሁ።

ወዬሳ ቤት ገብቶ ተቀመጠ። «ብረቱን ሽጪው፣ ተሹ» አለኝ። «የስፌት መኪናሽን ግዢ። ዘበኛም ሰው ነው።» ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው ያለኝ፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ንዴቴን የት ልወስደው? ቀሚሴን ሰብስቤ ራሴ ብስክሌቱ ላይ ወጣሁ። እስቲ የስፌት መኪናዬን ያስጣለኝን ጉድ ልየው ብዬ ነው። ነዳሁት። ነዳሁት። ፔዳሉ ከእግሬ እየቀደመ ይሮጣል እንጂ ድካም የሚባል የለም። እንደ እኔ ያለች ደረጃ ስትወጣ የምታለከልክ ሴት ዝዋይ መድረስ የነበረባት ትንፋሿ ተቆርጦ ነው! ያኔ የማዳም ላብ ትዝ አለኝ። ያቺ ቀጭን ሴትዮ ለአፍታ ነድታው ፊቷ ቲማቲም መስሎ ነበር። የኔ ሰውዬ ግን ክረምቱን ሙሉ ሲነዳ ከርሞ፣ ኑሬ ፍሬኑን ከለቀቀለት ወዲህ ሸሚዙ ረጥቦ አያውቅም።

ነጠላዬን ጎትቼ ኑሬ ቤት በረርኩ። «አንተ! ብስክሌቴን ምን አደረግኸው?»

«ኧረ ምንም! ፍሬኑን ብቻ ነው የለቀቅሁለት።»

«ሥራው እኮ ፍሬኑ ነው! ማዳም ገላዋ በላብ የታጠበው በምን ይመስልሃል? ሰውየውን ክረምቱን ሙሉ ቁልቁለት ነው ያስነዳኸው! ጉልበቱ ቢታጠፍም እግሩ አቅም ከየት ያምጣ?»

ኑሬ በሁለት እጁ ራሱን ያዘ። «ወይኔ ጓደኛዬን! ባዶ መኪና!» አለ። ካቻቢቴውን ይዞ ከእኔ ቀድሞ ቤቴ ደረሰ። ወዬሳ እግር ሥር ቁጭ ብሎ «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ወንድሜ፤ ለፍቅር ብዬ ነው» ሲለው፣ ወዬሳ የተናደደም አልመሰለኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈተናው ወዲህ ዓይኑ በራ። «ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ጫን!» አለው።

ያን ወር ጭነት ነበር። ኑሬ ብሎኑን ጠበቅ ያደርግና «ዛሬ ሲሚንቶ ነው የያዝነው» ይላል። መጀመሪያ ሞጆ መድረስ እንኳ አቃተው። ላቡ ከአገጩ ይንጠባጠባል፤ አረጋሽ ጎኑ ቆማ በሻሽዋ ታራግብለታለች። ሲደክመው «አራግፉልኝ!» ይላል፤ ሾፌሮቹ «መንገድ ላይ ጭነት አይራገፍም!» ይሉታል። ቆቃ ደረሰ። መቂ ደረሰ። ትንሽ ሲለምድ ኑሬ ይጨምርበታል። ሁሉም የራሱ ሥራ አለው፣ የራሱ ቤት አለው፤ ግን ወዬሳ ብቻውን የነዳበት አንድ ቀን አልነበረም። ለዚህ ምን ብዬ ላመስግን? ቃል የለኝም፤ ስቆጣ እንጂ ሳመሰግን አፌ ይተሳሰራል።

ሁለተኛው የፈተና ቀን አልሄድኩም። ደጃፌ ላይ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ምስር ለቀማ ያዝኩ፤ የለቀምኩትን ድንጋይ መልሼ ምስሩ ውስጥ እጥላለሁ። አረጋሽ አጠገቤ ተቀምጣ የጣልኩትን ድንጋይ እንደገና ትለቅማለች።

ከዚያ የጭነት መኪና ጥሩምባ ሰማን። የመሥሪያ ቤቱ ፊያት መኪና ወደ ሰፈራችን እየታጠፈ ነው። ጋሪዎቹ ዳር ያዙ። እኔ የማየው ሾፌሩን ነው፤ ኑሬ ከሆነ ሁሉ ነገር አለቀ። ኑሬ በወዲያኛው በር አንገቱን አውጥቶ ይጮሃል። መሪውን የያዘው ወዬሳ ነው።

መኪናው ደጄ ላይ ቆመ። ሳይዘል፣ ሳይጠፋ፣ ቀስ ብሎ። ወዬሳ ወረደ፣ ሰው ሁሉ እየከበበው እሱ ማንንም ሳያይ ወደ እኔ መጣ። እንኳን ደስ ያለህ ልለው ስነሳ እሱ ዝቅ አለ። ሽማግሌ ፊት እንደሚደረገው፣ ሰፈሩ ሁሉ እያየ፣ ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ባል የሚስቱን ጉልበት! «በስመአብ! ተነስ እንጂ፣ ሰው ያየናል!» ብዬ ትከሻውን ሳብኩት። አልተነሳም። በእናቱ ቋንቋ፣ በኦሮምኛ፣ «ገለቶሚ» አለኝ፤ አመሰግንሻለሁ ማለቱ ነው። ከአሥር ዓመት በላይ አብሬው ስኖር ይህን ቃል ለእኔ ሲለው ያን ቀን ነው የሰማሁት።

ቁልቁል አየሁ። መሬት የነካው ጉልበት የግራው ነው። ሙሉ በሙሉ ታጥፎ፣ አቧራው ላይ ተተክሏል።

«ሱሪህ ቆሸሸ» አልኩት። ሌላ ቃል አጥቼ ራሱን አቅፌ አለቀስኩ።