ሥራ የማትንቀው ቃል

ስትሮኩ የቲቸርን ቃላት ጠራርጎ ሲወስድ አንዲት ብቻ ተወላት፤ እሷም ከእናቷ የወረሰቻት አይደለችም። «ጌት» ትላለች። ውሃ ሲሰጧት «ጌት»፣ ትራሷን ሲያስተካክሉላት «ጌት»፣ ጠያቂ ተሰናብቶ ሲወጣ «ጌት»። ሐኪሙ፣ በሰው አፍ ላይ ብዙ የተመላለሰ ቃል አንዳንዴ እንዲህ ብቻውን እንደሚተርፍ ነግሯቸው ወደ ሌላው አልጋ አለፈ።

መመላለስስ ተመላልሷል። ቲቸር ዕድሜዋን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማረች ሴት ናት። ከባሏ ጀምሮ እስከ ፖስታ አመላላሹ ድረስ በስሟ የሚጠራት የለም፤ ሁሉም «ቲቸር» ነው የሚላት። አዲስ ተማሪ በመጣላት ቁጥር መጀመሪያ የምታስተዋውቀው ይህችኑ ቃል ነበር። «ይህች ቃል ሥራ አትንቅም» ትላለች ጠመኔዋን በሁለት ጣቷ መሃል ይዛ። «ማግኘት ናት፣ መግዛት ናት፣ ሄዶ ማምጣት ናት። ደግሞ መድረስ፣ መረዳት፣ መታመም ትሆናለች። አጠገቧ ትንሽ ቃል ሸጎጥ ስታደርጉላት ትነሣለች፣ ትወርዳለች፣ ታመልጣለች። ይህችን የያዘ ልጅ የትም ቢሄድ አይራብም።» ተማሪዎቹም ከጀርባዋ «እትዬ ጌት» ይሏት ነበር። እሷ ታውቃለች፤ ያላወቀች መምሰል ደስ ይላታል።

ባሏ ልብስ ሰፊ ነው። ሱቁ የቤታቸው የፊት ክፍል ነው፤ ከመኝታ ቤቱ የሚለየው አንድ በር ብቻ ስለሆነ የስፌት መኪናውን ሲረግጥ እንኳ የእሷን ትንፋሽ ይሰማል። እንግሊዝኛ አያውቅም፤ አለማወቁም በምክንያት ነው። በተጋቡ ሰሞን ልታስተምረው ብላ ይህችኑ ቃል በል አለችው። «ጊት» አለ። አመልካች ጣቷን ወደ ላይ ቀሰረች፤ በክፍሏ ውስጥ ይህ ጣት «እንደገና» ማለት ነው። «ጊት» አለ እንደገና። ጣቷ ተቀሰረ። ሦስተኛው ላይ አልጋው ላይ ወድቃ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሰፊው ጨርቁን ሰብስቦ ተነሣና፣ ከዛሬ ጀምሮ ፈረንጅ ራሱ ልብስ ላሰፋ ብሎ ቢመጣ በምልክት አናግረዋለሁ እንጂ ይህን ቋንቋ አፌ ላይ አላዞርም ብሎ ማለ። ግትር ነውና መሐላውን ጠበቀ።

አሁን ታዲያ ያ የማለበት ቋንቋ ቤቱ ድረስ መጥቶ አልጋው ላይ ተኛ።

መጀመሪያ ሰሞን ተስፋ ነበረው። አንድ ቃል ካለች አንድ በር አለ ማለት ነው ብሎ አሰበ። ከሌላ ከተማ ለማስታመም የመጣችውን ልጁን፣ ከእናቷ መደርደሪያ ላይ ያንን ወፍራም መዝገበ ቃላት አውርዳ እንድታነብለት ለመናት።

«አባዬ፣ ይሄ እኮ ገጽ ሙሉ ነው» አለች።

«ይሁና። ቀስ ብለሽ አንብቢልኝ።»

እሷ አነበበች፣ እሱ በቃሉ ያዘ። የደንበኛን ልክ ሳይጽፍ ለሳምንት በራሱ ውስጥ ማኖር የለመደ ሰው ነውና አልከበደውም። ልጅቱ ወደ ቤቷ ከተመለሰች በኋላ የያዘውን ይዞ ሥራ ጀመረ። ቲቸር «ጌት» ስትል ማምጣት ይሆናል ብሎ ውሃ ያመጣል። ውሃው ካልሆነ መነሣት ይሆናል ብሎ በትራስ ይደግፋታል። እሱም ካልሆነ መውጣት ይሆናል ብሎ መስኮቱን ይከፍታል፤ መግባት ይሆናል ብሎ ይዘጋዋል። ፎጣ፣ መነጽር፣ ሬዲዮ፣ የልጅቱ ፎቶ። የቀረው ራሱን ማምጣት ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ እዚያው ቆሟል። በመጨረሻ ቲቸር ዐይኗን ትጨፍናለች። ሰፊው ይህን የዐይን መጨፈን ከምንም በላይ ይፈራው ጀመር። አዎ ወይም አይደለም በይኝ እንዳይላት፣ ሐኪሙ አዎና አይደለም ተቀላቅለውባታል፣ ራሷን ብትነቀንቅም አትመኑት ብሏል። እንዳትጽፍ ቀኝ እጇ በድን ነው።

ዳቦ ሻጯ ጎረቤታቸው ለመጠየቅ በገባች ቁጥር ትገረማለች። «ጋሼ፣ ምን ያስጨንቅዎታል? ጌታን መጥራቷ ነው እኮ። ትጥራው፣ ይተዉአት።»

«አይ፣ እኔን ነው የምትጠራው» ይላል ሰፊው። «ለእሱማ ቃል አያስፈልገውም።»

እንዲህ እንዲህ እያሉ ቆዩ። ነገሩን የለወጠው የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ነው። አንድ ጠዋት ገላዋን አጥቧት ሊያነሣት ሲል ጀርባው ከዳው። እሷን ላለመልቀቅ ሲል አብሯት ወረደ። ምንም አልተሰበረም፤ ግን መነሣት አልተቻለም። እሷን ሊያነሣ ቢል ወገቡ እንቢ አለ፣ ብቻውን ሊነሣ ቢል የምትደገፈው እሱን ነው። ፎጣውን አልብሷት ግድግዳ ተደግፈው ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«ጌት» አለች ቲቸር በቀስታ።

«የቱ?» አላት። «የትኛው ነው የኔ እመቤት? ሁሉንም እኮ በቃሌ ይዣለሁ።» ከያዘው ሁሉ አንድም ከወለል የሚያነሣ አልነበረም።

ዳቦ ሻጯ በሩን አንኳኩታ ሳይከፈትላት ቢቀር ጊዜ ገብታ አገኘቻቸው። ሁለቱንም ካነሣች በኋላ ስልክ ደውላ ለልጅቱ ነገረቻት፤ ባትነግራት ደግሞ ጎረቤት አይደለችም። ልጅቱም ከባሏ ጋር በመኪና መጣች።

«እማዬን ልወስዳት ነው» አለች ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ።

«ወዴት?»

«ወዴት ነው እንግዴህ አባዬ፣ ወደ እኛ ቤት ነዋ። እሱም አለ፣ እኔም አለሁ፣ ሆስፒታሉም ቅርባችን ነው።»

«እኔስ?»

ልጅቱ ወደ ባሏ አየች። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ ቲቸር ከልጆቹ ጋር ነው የምትተኛው። ሰፊው የሚዘረጋበት ቦታ የለም። በዚያ ላይ ትምህርት ቤት ሊከፈት ነው፤ የተማሪ ዩኒፎርም ጨርቅ እስከ ጣሪያ ተከምሮ የእሱን እጅ ይጠብቃል። የሰው ጨርቅ ይዞ መጥፋት ደግሞ በዚህ ሙያ ነውር ነው።

«የያዙትን ይጨርሱና በኋላ ይመጣሉ፣ አባባ» አለ አማቹ። ጥሩ ልጅ ነው፤ ሲዋሽ ያስታውቅበታል። ይህ «በኋላ» የሚባለው ቀን የትኛውም ቀን መቁጠሪያ ላይ እንደሌለ ሦስቱም ያውቁታል።

ሰፊው አልተከራከረም። እሺ ካለ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ ለመንገድ የሚሆን ቀሚስ ልስፋላት አለ። በድን እጅ በተለመደው እጅጌ አይገባም። ከትከሻው እስከ እጅጌው ጫፍ የሚከፈት፣ በቁልፍ የሚዘጋ፣ ማንም ሳያጉላላት የሚያለብሳት ቀሚስ ያስፈልጋት ነበር።

ጨርቁን ቆርጦ፣ በነጠላ ክር ያዝ ያዝ አድርጎ፣ ከሰዓት በኋላ ለልክ ወደ ሱቁ አመጧት። አማቹ ተሸክሞ በመስኮቱ አጠገብ ካለው ወንበር ላይ አስቀመጣት። ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ፣ ስፒሎቹን በከንፈሩ ይዞ ከኋላዋ ቆመ። ግራ እጁን ደህናው ትከሻዋ ላይ አሳረፈ። የማንንም ልክ ሲያይ እንዲህ ነው የሚያደርገው። ደንበኛ በአፉ ይዋሻል፤ ጠብቦት እያለ «ልኬ ነው» ይላል፣ አፍሮ። ትከሻው ግን አይዋሽም። የጠበበው ትከሻ ወደ ጆሮ ይሸሻል፣ የተስማማው ይወርዳል። ሰፊው ዕድሜውን ሙሉ እንጀራውን የበላው የሰውን አፍ ሰምቶ ሳይሆን ይህንን በእጁ ሰምቶ ነው።

ልጅቱ ከፊት ለፊቷ ተንበርክካ ጉልበቷን ይዛለች። «እማዬ፣ ከእኛ ጋር ትሄጃለሽ አይደል? ደስ ይልሻል እኮ፣ ልጆቹም ናፍቀውሻል።»

«ጌት» አለች ቲቸር።

«አየህ አባዬ? መድረስም መሄድም ነች ብዬ አንብቤልህ የለ። እሺ ማለቷ ነው።»

በሰፊው እጅ ሥር ግን የቲቸር ትከሻ ወደ ላይ ሸሽቶ ነበር። ስፒሎቹን ከከንፈሩ አውጥቶ ጎንበስ አለና በጆሮዋ «ወይስ እዚሁ ከኔ ጋር ትቆያለሽ?» አላት። ትከሻዋ ወረደ። ክብደቷን ሁሉ በመዳፉ ላይ ጣለችው።

አንድ ጊዜ ለክቶ የሚቆርጥ ሰፊ አይደለምና ደገመ። «ከልጅሽ ጋር ትሄጃለሽ?» ትከሻው ሸሸ። «እዚሁ?» ወረደ።

ልብ ካላየ ዐይን አያይም ይሏታል፤ ይኸው ያን ያህል ጊዜ የማያውቀውን ቋንቋ ሲያመነዥክ፣ የሚያውቀው ቋንቋ አጠገቡ ተቀምጦ ሲጠብቀው ኖሯል። በየቀኑ አጥቧታል፣ አልብሷታል፣ አንድም ቀን ግን እጁን ትከሻዋ ላይ አሳርፎ አልጠየቃትም። እሷ የተማረች ናት፣ የተማረ ሰው ነገር የሚገኘው መጽሐፍ ውስጥ ነው ብሎ ነው። በራሱ ተናደደ።

«መሄድ አትፈልግም» አለ።

«በምን አወቅህ?»

«በትከሻዋ።»

ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅ ነበር። ልጅቱ ግን በዚህ ሱቅ ወለል ላይ የጨርቅ ቁራጭ እየለቀመች ያደገች ናት፤ የአባቷን እጅ ታውቀዋለች። ተነሥታ ሌላውን እጁን ያዘችው።

«እሺ አባዬ፣ አትፈልግም። አምኜሃለሁ። ነገ ብትወድቅስ ታነሣታለህ?»

ለሰፊው የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ትዝ አለው። ልጅቱ ክፉ አይደለችም። ክፉ ብትሆን ኖሮ እንዴት በቀለለው፤ ይጣላት፣ ያባርራት ነበር። እውነት የያዘ ሰው ግን እንዴት ተደርጎ ከቤት ይባረራል?

«አላነሣትም» አለ።

እጁን ከቲቸር ትከሻ ላይ አነሣ። ከዚያ በኋላ የምትለውን መስማት አልፈለገም፤ መስማት ያሳፍረው ጀመር። ቀሪውን ልክ በዐይኑ ወሰደ። የስፌት መኪናው ላይ ተቀምጦም ያንን ቀሚስ ሰፋው። ፍላጎቷን እያወቀ፣ ከቤቷ የሚያስወጣትን ልብስ፣ በገዛ እጁ። የቻለው ነገር ቀስ ብሎ መስፋት ብቻ ነበር። ማንም የማያየውን የውስጥ ስፌት ሁለት ጊዜ ሰፋው። ቁልፎቹን ተክሎ አንዱን ፈትቶ እንደገና ተከለው። ልጅቱ በበሩ ስታልፍ አየችው።

በማግስቱ ጠዋት ቀሚሱ ልክ ሆነ፤ እንዲያውም አማረባት። አማቹ ቲቸርን ብድግ አድርጎ አቅፏት ወጣ። አንድም ጊዜ አላቃሰተም። ሰፊው የአማቹን ክንድ አየ፤ እንደዚያ በሰው ክንድ ቀንቶ አያውቅም። በመኪናው የፊት ወንበር አስቀምጠው፣ ቀበቶ አስረው፣ መስኮቱን ዝቅ አደረጉላት። ዳቦ ሻጯ ለመንገድ የሚሆን ትኩስ ዳቦ አቀበለችና እንባዋን በሽርጧ እየጠረገች ወደ ሱቋ ተመለሰች።

ሰፊው በመስኮቱ በኩል ቆመ። ልሰናበታት ብሎ ያዘጋጀው ነገር ነበረው፤ ጠፋበት። ቲቸር አየችው።

«ጌት» አለች።

የያዛቸው ትርጉሞች ሁሉ በራሱ ውስጥ አለፉ፤ አምጣ፣ ውሰድ፣ አውጣኝ፣ ግባ፣ ገባህ ወይ። እጁን ወደ ትከሻዋ ሰደደና መለሰው። ትከሻዋ የሚለውን ያውቀዋል።

«ጊት» አለ።

እሱ ራሱ ደነገጠ። ከዚያ ከማለበት ቀን ወዲህ ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ልጅቱ ከኋላ ወንበር ቀና አለች። የቲቸር ደህናው ግማሽ ከንፈር ተንቀጠቀጠ፣ ከዚያ ወደ ላይ ተሳበ። ግራ እጇ ከጭኗ ላይ ቀስ ብሎ ተነሣ። አመልካች ጣቷ ተቀሰረ።

እንደገና።

«ጊት» አለ ሰፊው።

ጣቷ አልወረደም። ግማሽ ፊቷ እየሳቀ ነው፣ ግማሹ ዝም እንዳለ ነው፤ እንባዋ በሁለቱም በኩል ይወርዳል።

«ጊት።»

አማቹ መሪውን ይዞ ይጠብቃል፤ ልጅቱ ፊቷን ወደ ሌላው መስኮት አዙራለች። ሰፊው ቃሏን እንዴት እንደምትባል አሳምሮ ያውቃል። እነዚህን ወራት ሁሉ ከእሷ ሌላ የሰማው የለም፤ እንቅልፍ ላይ ቢቀሰቅሱት አጥርቶ ይላታል። ግን በትክክል ካላት ጣቷ ይወርዳል፣ ትምህርቱም ያልቃል።

«ጊት» አለ።

አማቹ ቀስ ብሎ ሞተሩን አስነሣ። ጣቷ እንደተቀሰረ መኪናው ተንቀሳቀሰ። ሰፊው መስኮቱን ይዞ፣ ጀርባው እስከፈቀደለት ድረስ አብሮ ተራመደ፣ እየተሳሳተ።