የባልየው ወንበር

ሹፌሩ ጡረታ ከወጣ ዘጠኝ ዓመት ቢያልፈውም ሰፈሩ ዛሬም ሹፌሩ እያለ ነው የሚጠራው። ሚስቱ ግን በምንም አትጠራውም። አልዛይመር የሚሉት ጣጣ ከያዛት ወዲህ መጀመሪያ ጎረቤቶቿን፣ ቀጥሎ ልጆቿን፣ በመጨረሻ እሱን ረሳች። ጉድ እኮ ነው፤ አርባ አንድ ዓመት አብሯት የኖረ ሰው በገዛ ቤቱ እንግዳ ሆነ። መስኮቱ ሥር ያለውን ባለመደገፊያ ወንበር እንኳ አታስነካውም። «እሱ የባለቤቴ ነው፤ እርስዎ እዚያ ይቀመጡ» ትለዋለች፣ በር አጠገብ ያለችውን በርጩማ እያሳየች። ይቀመጣል። ምን ያድርግ?

ቀኑን ሙሉ ያበላታል፣ መድኃኒቷን ይሰጣታል፣ የጣለችውን ያነሳል። እሷም አንቱ እያለች ታመሰግነዋለች። አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን ግን መንጎራደድ ትጀምራለች። ባለቤቴ መምጫው ደርሷል፣ የማላውቀው ወንድ ከቤት ቢያገኝ ምን ይለኛል፣ እባክዎ ይሂዱልኝ ትላለች። መጀመሪያ ሰሞን፣ አይ ሞኝነት፣ ባልሽ እኮ እኔ ነኝ ብሎ ሊከራከራት ሞክሮ ነበር። ዓይኑን በጨው የታጠበ ብላ ጫማ ወረወረችበት። ያን ቀን ደረጃው ላይ ተቀምጦ ሲነፋረቅ ቆየና፣ መሄጃ የለው፣ ተመልሶ አንኳኳ።

«መጣህ?» አለችው በሩን ከፍታ። «ዛሬ ደግሞ ምነው ቆየህ?»

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንዲያ ሆነ። ኮፍያውን አንስቶ ይሰናበታታል፤ ሕንፃውን ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ ከዚያ ያንኳኳል። መዞሩ ግድ ነው፤ ቶሎ ከተመለሰ «ምን ረሱ?» ትለዋለች። አሥር ደቂቃ ከቆየ ግን እንግዳው ከሐሳቧ ይጠፋና ባሏ ይገባል። ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። ትከሻውን እያሸች የመንገዱን ወሬ ትጠይቀዋለች፤ እሱም ዘጠኝ ዓመት ስላልነዳው አውቶቡስ ይዋሽላታል። ቢበዛ ሩብ ሰዓት ነው። ከዚያ ዓይኗ ፍዝዝ ይልና «እርስዎ ማን ነዎት?» ይመጣል፤ ያኔ ስለሚደክማት ብቻ አታባርረውም። ሰውየው ሌላውን ሰዓት ሁሉ የሚችለው ለዚያች ሩብ ሰዓት ብሎ ነበር።

ባለፈው ሰኞ ዞሮ ሲመለስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ እሷ የለችም። ክው አለ። ደረጃውን እንዴት እንደወረደው አያውቅም። አስፋልቱ ዳር በባዶ እግሯ ቆማ፣ የሰፈሩ ባለሱቅ ክንዷን ይዟት አገኛት። የባሏን አውቶቡስ እየጠበቀች ነበር።

በሳምንት ሁለት ጠዋት እየመጣች የምታጥባት ነርስ ማክሰኞ መጣች። ልጅ እግር ናት፣ ቁጣዋ ግን የአማት ነው። ወሬውን ከባለሱቁ ሰምታ ኖሮ ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጀመረች።

«አባባ፣ ከእንግዲህ ለአንድ ደቂቃም ብቻቸውን ጥለዋቸው አይወጡም። መኪና ቢገጫቸውስ?»

የሚተካው ሰው እንደሌለ ታውቃለች፤ ልጆቹ ሩቅ ናቸው፣ በስልክ አይዞህ ይሉታል፣ ጎረቤቱም በዚያ ሰዓት ሥራ ላይ ነው። ስለ ሩብ ሰዓቷ ሊነግራት አፉን ከፈተና ተወው። ምን ብሎ ይንገራት? በስተርጅና ያሳፍራል።

ረቡዕ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን እንደ ልማዷ ይሂዱልኝ አለችው። ምን እንደነካው እንጃ፣ ወጣና በሩን ከውጭ ቆለፈው። እንዳትወጣ ነው፤ አሥር ደቂቃ ምን አላት? ቁልፉን ጨብጦ ደረጃው ላይ ቆመና ሰዓቱን ያይ ጀመር። በአራተኛው ደቂቃ እጀታው ተንቀጫቀጨ። ከዚያ በሩን በመዳፏ መምታት ጀመረች።

«ክፈቱልኝ» ትላለች። «ሰው የለም እንዴ? ክፈቱልኝ።»

የቀረው ስድስት ደቂቃ ነው። ስድስት ደቂቃ ጆሮውን ቢደፍን ባሏ ሆኖ ይገባል። ዛሬ ደግሞ የመጨረሻው ሊሆን ይችላል። በሩ ተመታ፤ ድምፅዋ የሕፃን ልቅሶ ሆነ። አልቻለም። ከፈተላት።

ክንዱ ላይ ተጠመጠመች። «ይባረኩ ወንድሜ፤ አንድ ክፉ ሰው ቆልፎብኝ ሄደ» አለችው። «ባለቤቴ ይምጣ ብቻ። እሱ ቢኖር ይህን አያደርጉብኝም ነበር።»

አስገባትና ኮፍያውን ሰቀለ። ባለቤትዎ ደውለው ነበር፣ አውቶቡሱ ስለተበላሸ ያመሻሉ፣ እስኪመጡ እዚሁ እንድቆይ ለምነውኛል አላት። ይህን ስትሰማ ረጋ አለች፤ መቼም እሱ አሳቢ ነው አለች። ከዚያ ትክ ብላ አየችው።

«እርስዎንስ ቤት የሚጠብቅዎ የለም?»

«ነበረች» አለ።

ከንፈሯን መጠጠችለት። ክንዱን ቸብ ቸብ አድርጋ ዓይኗን ወደ በሩ መለሰች። እሱም በርጩማዋን አስጠግቶ አብሯት በሩን ይጠብቅ ጀመር። ወገቡን አሞታል፤ ወንበሩ መስኮቱ ሥር ባዶውን ነው። ልቀመጥበት ብሎ አልጠየቃትም።