አጅሬ ጓንቱን ከየት እንዳገኘው

በናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር፣ የጋሽ ባንታየሁ ቪዲዮ ቤት እሁድ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጢም ይላል። ሰዉ የሚመጣው ለፊልሙ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ለሚናስ አፍ ነው። ሚናስ ከቴሌቪዥኑ አጠገብ በርጩማ ላይ ይቀመጥና ፈረንጆቹ የሚሉትን በአማርኛ ይመልሳል። ይመልሳል የምለው እንዲያው ለወጉ ነው እንጂ ይጨምራል፣ ይቀንሳል፣ ይተርታል። ፈረንጁ አንድ ቃል ሲተነፍስ እሱ ሦስት ይላል። ሲሳሳሙ «ሰላምታ ተለዋወጡ» ብሎ ያልፋል። ሰዉ ይህን እያወቀም ሌላ አስተርጓሚ አልፈልግም ብሏል፤ ምክንያቱም ሚናስ «እሱ እንዲህ አለ» አይልም። «እኔ» ነው የሚለው። ገዳዩም እሱ፣ ሟቹም እሱ።

ሌላም ደንብ አለው። ፊልሙን አስቀድሞ አያይም። «ከሕዝቡ ጋር አብሬ ካልደነገጥኩ ወሬው አይጥምም» ይላል። ይኸው ደንቡ ነው በኋላ ጉድ ያፈላበት።

በ1999 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የአጅሬ አራተኛ ፊልም ኢስትሊ ገባ። አጅሬ ብሎ ስም ያወጣለት የቪዲዮ ቤቱ ሰው ነው። ፊቱን የሸፈነ፣ ከራሱ እስከ እግሩ ጥቁር የለበሰ፣ የጠፋ ሰው ፈልጎ የሚያመጣ ጀግና ነው። ግራ እጁ ላይ ብቻ የተጣፈ ቡኒ ጓንት ያጠልቃል። ለምን እንደሆነ በሦስቱም ፊልሞች አልተነገረም። አራተኛው ግን ወደ ኋላ ተመልሶ፣ አጅሬ ገና አጅሬ ሳይሆን የነበረውን ያሳያል ተባለ።

ሚናስ በዚህ ጓንት ጉዳይ ሻይ እስኪቀዘቅዝ የሚሟገት ሰው ነው። «የአባቱ ነው፤ ሊሞት ሲል መርቆ የሰጠው ነው» ይላል። ይህን መጀመሪያ ያለው ግን እሱ አልነበረም። ዲላ ሳሉ፣ የመጀመሪያውን ፊልም በካሴት ያዩ ዕለት፣ ጓደኛው ሕዝቅያስ ነበር ያለው። ከሰባት ዓመት በፊት ሁለቱ አብረው በሞያሌ በኩል ወደ ኬንያ ተሻገሩ። ናይሮቢ የደረሰው ሚናስ ብቻ ነው።

የሕዝቅያስ እናት እትዬ አያልነሽ ልጃቸውን ፍለጋ ከዲላ ድረስ መጡ። ሚናስ አገኛቸውና «ማርሳቢት የሚባል ከተማ ላይ ተለያየን፤ እሱ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄዱ ሰዎች አግኝቶ ከነሱ ጋር ሄደ» አላቸው። እሳቸውም አመኑ። አምነውም እዚያው ኢስትሊ ቀሩ። አንድ ምግብ ቤት ወጥ እየሠሩ፣ ስልካቸውን በገመድ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ይጠብቃሉ። ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ የልጃቸውን የክርስትና ስም ከሕያዋን ጋር ያስጠራሉ። ሚናስን ከውስጥ የሚበላው ይህ ነበር። ልጁ ከሞተ በዚህ ወር ሰባት ዓመቱ ነው። ፍትሐት የለ፣ አርባ የለ፣ ሙት ዓመት የለ። እናቱ ስለ ጤናው ሻማ ያበሩለታል።

እንዲህ የተተወ ሙት ደግሞ አርፎ አይተኛም። ሚናስ መብራት ጠፍቶ ፊልም ሲጀመር የመጨረሻውን አግዳሚ አያይም። አንድ ጊዜ አይቷል። የቴሌቪዥኑ ብርሃን እስከ ግድግዳው ሲደርስ፣ ከአግዳሚው ሥር ሁለት ባዶ እግሮች፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ነጭ አቧራ የለበሱ። አሁንም ሳያያቸው እዚያ እንዳሉ ያውቃል። ለዚህ ነው ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚያወራው። ሰዉ ወኔ ይለዋል፤ ፍርሃት ነው።

የዚያን እሁድ ቤቱ መርፌ መጣያ ቦታ አልነበረውም። እትዬ አያልነሽ እንደ ልማዳቸው ከፊት፣ ከሚናስ ጉልበት አጠገብ ተቀመጡ። ውጭ ማታቱ የሚሉት ሚኒባስ ጥሩምባውን ይነፋል።

«ዛሬ ጓንቱ ይለያል» አለ ጋሽ ባንታየሁ ዲቪዲውን እያስገባ። «የአባቱ ካልሆነ ይህን ሁሉ ዓመት ያደረቅከንን ትክሰናለህ።»

«የአባቱ ነው» አሉ እትዬ አያልነሽ። «ልጄም እንደዚያ ይል ነበር። ይምጣና ራሱ ይመስክራል።»

ሰዉ ሳቀ። ሚናስም አብሮ ሳቀ። ምን ያድርግ?

ፊልሙ በበረዶ ተራራ ጀመረ። አጅሬ ጭምብል የለውም፤ ገና ልጅ እግር ነው። ከጓደኛው ጋር መንገድ ጠፍቷቸዋል። ጓደኛው እግሩ ተሰብሮ ወድቋል። ሚናስ የለመደውን ያህል እየጨማመረ ቀጠለ። «አይዞህ ወንድሜ» አለ፣ «ወርጄ ሰው ይዤ እመጣለሁ።» ቃሉን ከፊልሙ ይውሰደው ከራሱ አላወቀም።

የአጅሬ ግራ እጁ ባዶ ነው፣ ጠቁሯል። ጎንበስ አለና ከወደቀው ጓደኛው እጅ ጓንት አወለቀ። ቡኒ ነው። የተጣፈ ነው። አውልቆ አጠለቀው።

በጓንቱ ማንም አልቀለደም። ሚናስ ግን ከኋላ፣ ከመጨረሻው አግዳሚ በኩል፣ ባዶ እግር ሲሚንቶውን ሲዳብስ ሰማ።

አጅሬ ብቻውን ወረደ። ከታች በረዶ ላይ የሚሄድ መኪና አገኘው። ሾፌሩ ሽማግሌ ነው፤ ብርድ ልብስ አለበሰው፣ ትኩስ ነገር አጠጣው። ከዚያ ጣቱን ወደ ተራራው ቀስሮ ጠየቀው።

«ከኋላህ ሰው አለ?» አለ ሚናስ።

አጅሬ ዞሮ ተራራውን አየ። አንዲት አጭር ቃል መለሰ። እንግሊዝኛ የማያውቅ ሰው እንኳ የሚያውቃት ቃል ነበረች፤ በመኪናው ሞተር ድምፅ ተውጣ ግን ከሚናስ በቀር የለያት የለም። ሚናስ ግን ዝም አለ። በዚህ በርጩማ ላይ ዝም ብሎ አያውቅም።

«ሚናስ፣ ምን አለ?» አለ ጋሽ ባንታየሁ።

«አለ» አለ ሚናስ። «‹አዎ፣ ጓደኛዬ አለ፤ ቶሎ እንድረስለት› አለ።»

መኪናው ግን ዞሮ ቁልቁል ወረደ። ተራራው እያነሰ ሄደ።

«ታዲያ ወዴት ነው የሚሄዱት?» አለ አንዱ ከመሃል።

እትዬ አያልነሽ አለቀሱ። «ልጁ እየነገራቸው ትተውት ሄዱ? ሰው እያለ? ያን ሾፌር እግዜር ይይለት። የእናት እንባ ይድረሰው።»

ሚናስ ይህን እርግማን መቻል አቃተው። ያኔ ከበረሃው እሱን የጫነው የከብት መኪና ሾፌር ደግ ሰው ነበር። ከጀሪካኑ ውኃ አጠጣው፣ ከራሱ ዳቦ ቆርሶ ሰጠው። ከዚያ ጣቱን ሕዝቅያስ ወድቆ ወደ ቀረበት በረሃ ቀስሮ በስዋሂሊ ጠየቀው። ቋንቋውን ባያውቅም ጣቱ በቂ ነበር። ሚናስ ራሱን ነቀነቀ። ሁለት ነን ካልኩ ለፖሊስ ይሰጠኛል ብሎ ፈርቶ ነው። ፍርሃቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ለቀቀው፤ መኪናው ግን አልቆመም፣ እሱም አቁም አላለም።

«አይርገሙት» አለ ሚናስ። ድምፁ ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ ያለ ነበር። «እትዬ፣ ሾፌሩን አይርገሙት። ልጁ ‹አለ› አላለም። ‹የለም› ነው ያለው። እኔም ‹የለም› ነው ያልኩት።»

«የፊልሙን ነው የምትለኝ?» አሉ።

«የሕዝቅያስን ነው። ማርሳቢት አልደረሰም።»

ጋሽ ባንታየሁ ቴሌቪዥኑን አጠፋው። መብራቱን አበራ። ሰዉ ሁሉ እትዬ አያልነሽን ያያል። እሳቸው ማንንም አላዩም። ስልኩን ከአንገታቸው አውልቀው አግዳሚው ላይ አስቀመጡት። ከዚያ ለቅዳሴ የለበሱትን ነጠላ ቀስ ብለው አወረዱና አዘቅዝቀው ለበሱት።

ይህን አይቶ ተቀምጦ የሚቀር አበሻ የለም። ቤቱ በሙሉ ተነሣ። ወንዶቹ ኮፍያቸውን አወለቁ። አንዲት ሴት «ወይኔ ልጄን» አለች በቀስታ፣ ሌሎቹም ተቀበሏት። ከፊት የነበሩት አግዳሚውን እየጎተቱ ወደ ግድግዳ አስጠጉት፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው። የጋሽ ባንታየሁ ቪዲዮ ቤት ለቅሶ ቤት ሆነ።

ሚናስ ሊወጣ ወደ በሩ ዞረ። የሚያስቀምጠኝ ፊት የለኝም ብሎ ነው።

«ወዴት ነው?» አሉ እትዬ አያልነሽ። አልተቆጡም። ቁጣው የሚመጣው ሌላ ቀን ነው። «ተመለስና በርጩማህ ላይ ተቀመጥ። ነገ ስሙን ከሕያዋን እንዲያወጡት ለቄሱ የምትነግር አንተ ነህ። አሁን ግን ንገረኝ። እንደ ፊልሙ ሳትጨምር፣ ሳትቀንስ።»

ሚናስ ተቀመጠ። ይህን ሁሉ ጊዜ ላለማየት የሸሸውን የመጨረሻ አግዳሚ ቀና ብሎ አየው። መብራት በርቷል፣ ሰዉ ቆሟል፣ እግሮቹ ግን እዚያው ናቸው። እስኪጀምር ይጠብቁታል።

«ጫማዬ ተቀዶ ነበር» አለ። «የሱን ላወልቅ ስጎነበስ፣ እግሩን ራሱ ዘረጋልኝ።»