እግሩ የተቆረጠው ግራፍ

ጤና ጣቢያው በር ላይ ባለ መስታወት የማስታወቂያ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳው አጭር ነው። ጥበቃው ረዘም ያለ ወረቀት ሲሰጡት ከታች ይቆርጠዋል። ርእሱ ከላይ ስለሆነ ምንም አይጎድልም ባይ ነው። በክትባት ማስታወቂያ ላይ እውነትም ምንም ጎድሎ አያውቅም።

ክረምት ላይ ነርሷ በሆድ ሕመም የታከሙትን ሰዎች በሰፈር ለይታ ግራፍ አሠራች። ሁለት ረጃጅም ዓምዶች ነበሩ፤ አንዱ የላይ ሰፈር፣ አንዱ የእኛ የታች ሰፈር። ስማቸውና ቁጥራቸው አናታቸው ላይ ተጽፏል። የእኛው የሚበልጠው በጥቂት ሰው ነበር። ጥበቃው ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ከታች ቆርጦ የቀረውን ሰቀለው። ያን ጊዜ የእኛ ዓምድ የጎረቤቱን እጥፍ ሆኖ ቁጭ አለ።

አንድ መንገደኛ ግራፉን በስልኩ አነሣና «የታች ሰፈር አለቀለት» ብሎ ጽፎ ላከው። ሳይመሽ ያላየው ሰው አልነበረም።

እህቴ ልጆቿን የምታሳድገው በአንዲት ላም ወተት ነው። ለደንበኞች የማደርሰው እኔ ነኝ። በማግስቱ በሩን ገርበብ አድርጎ «ዛሬ ይቅርብን» የማይለኝ ጠፋ። አንዲት እትዬ ስለ ወተቱ ክፉ ቃል እንደማይወጣቸው፣ የሚፈሩት ውሃችንን እንደሆነ ነገሩኝ። እህቴ ላሟን ልትሸጥ ደላላ አነጋገረች።

ከመሸጧ በፊት ግን ነርሷ ዘንድ ሄድን። ነርሷ ቁጥሩ እኮ በትክክል ተጽፏል አለች።

«ሲስተር፣ ቁጥሩን ማን ያነባል?» አለች እህቴ። «ሰው ያየው ቁመቱን ነው።»

ነርሷ ወጥታ ስታየው ደነገጠች። ጥበቃው ቁራጩን ወንበሩ ላይ አንጥፎ ተቀምጦበታል።

«ከታች ያለው ቀለም ብቻ ነው» አለ ቅር ብሎት። «ምን የሚነበብ ነገር አለውና?»

ነርሷ ሙሉውን እንደገና አሳትማ ግድግዳው ላይ ለጠፈችው። ሁለቱ ዓምዶች ትከሻ ለትከሻ ቆሙ። ሰው ገልመጥ እያደረገው አለፈ፤ ፎቶ ያነሣው አልነበረም። የድሮው ፎቶ ግን ከስልክ ስልክ መዞሩን ቀጠለ።

የላይ ሰፈሯ ወተት ሻጭ የእህቴ ጓደኛ ናት። የእኛ ደንበኞች ሁሉ እሷ ላይ ወድቀው ወተቱ አልበቃት አለ። በጓሮ በር ብታመጪልኝ ከእኔው ጋር እሸጥልሻለሁ አለቻት። ላሟ ሳትሸጥ ቀረች።

ባለፈው ሳምንት ወተቱን በጓሮ አስረክቤ ስወጣ ውሃችንን የሚፈሩትን እትዬ የሻጯ የፊት በር ላይ አገኘኋቸው። ዕቃቸውን አስሞልተዋል።

«አየህ ልጄ» አሉኝ፣ «የላይ ሰፈር ወተት እኮ ጣዕሙም ሌላ ነው።»

«አዎ፣ እትዬ» አልኩና ባዶ ጀሪካኔን ይዤ ቁልቁል ወረድኩ።