ዋርካው ሥር የምትተነፍስ ሞተር

ሞተር ብስክሌቷ በቆርቆሮው መጋዘን ውስጥ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ጎማዎቿ በደንብ ተነፍተዋል፤ ካንዴላዋ አዲስ ነው፤ ሰንሰለቷ ዘይት ጠጥቷል፤ ሰልባትዮዋ እስከ አፉ ቤንዚን ሞልቷል። ታከለ ሁሉንም በእጁ ዳስሶ፣ በዓይኑ አይቶ አረጋግጧል። የጎደለ ነገር የለም። ሆኖም ነገ ጠዋት የደብረ ሲናን ዳገት ጀምራ ቤንዚን ሲሰጣት፣ ዋርካው ሥር ስትደርስ ጉልበቷ እንደሚከዳት ያውቃል።

መንገዱን የሚያሠራው ጣሊያናዊ ካፖ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና ደብዳቤ የሚልከው በእሷ ነበር። ከታከለ በፊት ይነዳት የነበረው አልዪ የሚባል የአሊዩ አምባ ሰው ነው። በእሱም ጊዜ እዚያው ቦታ ትቆም ነበር። ካፖው፣ ደብዳቤው እንዲዘገይና አርበኞች ጊዜ እንዲያገኙ ሆን ብሎ ያበላሻታል ብሎ ከሰሰው። ወታደሮቹ ሞተሯ በቆመችበት ዋርካ ሥር ረሸኑት፤ እዚያው ተቀበረ። ለታከለም ካፖው ትናንት በአስተርጓሚ መልእክቱን አድርሶታል፤ ሞተሯ አንድ ጊዜ ደግማ ከቆመች ለአልዪ ጎረቤት ይሆነዋል።

ገበያው «አልዪ ነው የሚይዛት» ይላል። ታከለ የገበያ ወሬ የሚያምን ሰው አይደለም። ነገር ግን ለማንም ያልነገረው አንድ ነገር ነበረው። ሞተሯ ስትቆም መጀመሪያ የሚያደርገው የሰልባትዮውን ክዳን ከፍቶ ቤንዚን መኖሩን ማየት ነው። ክዳኑ ላላ ሲል ከውስጥ ረጅም ትንፋሽ ይሰማል፤ አፉን ታፍኖ ቆይቶ የተለቀቀ ሰው አየር እንደሚስበው ያለ። ከዚያ በኋላ ካርቡራተሩን ቢፈታ ንጹሕ ነው፤ ቱቦውን ቢነፋ ክፍት ነው። ሲያስነሳት ምንም እንዳልሆነች ትነሣለች።

ከሞተሯ ያጣውን መልስ ፍለጋ፣ ከቀትር በኋላ ወደ አልዪ ሚስት ወደ ራቢዓ ቤት ሄደ። ራቢዓን ግቢዋ ጥላ ውስጥ ተቀምጣ ለገበያ የሚወርደውን የኑግ ዘይት እያሰናዳች አገኛት። የቅሉን አፍ በጥጥ ትወትፍና በላዩ ሰም ትለስንበታለች፤ ከዚያ በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ታትመዋለች። ታከለ ስለ ጤናዋ ጠይቆ፣ አልዪ ሞተሯን ሲረከብ ምን እንደነካካባት እንድታስታውስ ለመናት።

«ምን ይነካባታል? ከኔ በላይ ነበር የሚንከባከባት» አለች ፈገግ ብላ። «አባቱ በግመል ዘይት ሲጭን የኖረ ሰው ነው። ያልታተመ ቅል ግማሹን ለፀሐይ ይገብራል ይል ነበር። ያ ካፖ ቤንዚኑ ጎደለ እያለ ሲጮህበት ጊዜ፣ ክዳኗ ላይ ቀዳዳ አገኘሁ ብሎ ከዚሁ ሰም ቆርሶ ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ጠብታም አልጠፋበት።»

ታከለ ዓይኑን ከአውራ ጣቷ ላይ መንቀል አቃተው።

«ስትቆም ትተነፍሳለች፣ አይደል?» አለችው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

«ማን ነገረዎት፣ እትዬ?»

«እሱም ይሰማው ነበር። ሲወድቅ ትንፋሹን አልጨረሰም አሉኝ፤ አሁን እሷ ትጨርስለታለች። ነገ በማለዳ መቃብሩ ዘንድ ሄጄ ዱዓ አደርጋለሁ። እንዲለቃት እለምነዋለሁ፤ አንተም የሰው ልጅ ነህ።»

መጋዘኑ ተመልሶ ክዳኑን በጨርቅ ፈገፈገው። አቧራና ዘይት ያጠቆረው ሰም ከብረቱ ጋር አንድ መስሏል። በመርፌ ሲፍቀው ትንሽ ቀዳዳ ብቅ አለች። ቤንዚን ሲወርድ በቦታው አየር መግባት አለበት፤ አለዚያ እንደ ታፈነ ቅል መፍሰሱን ይተዋል። በሜዳው የምትጠጣው ጥቂት ስለሆነ አያስታውቅም። ዳገቱ ላይ ብዙ ስትፈልግ ይነጥፍባታል፤ ከመጋዘኑ ሞልታ ወጥታ የሚነጥፍባትም ሁልጊዜ ዋርካው አጠገብ ነው። እሱ ደግሞ ክዳኑን እየከፈተ፣ ሳያውቀው ካዳናት በኋላ ነበር በሽታዋን የሚፈልገው። አልዪም እንዲሁ። ታከለ የፋቀውን ሰም ኪሱ ከትቶ ክዳኑን መልሶ ገጠመው።

በማግስቱ ጉም ከሮቢ ወንዝ ሳይነሣ ተነሣ። ዳገቱ ላይ ቤንዚን ሰጣት። ዋርካው ሲታየው ከሥሩ አንድ ነጭ ነገር ቆሟል፤ አይንቀሳቀስም። እሱ ግን ቤንዚኑን አልቀነሰም። ሲቀርብ ራቢዓ ነበረች፤ ሁለት መዳፏን ዘርግታ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ሞተሯ ድምፅዋን ሳትቀንስ አለፈቻት። ታከለ ትንፋሹን ይዞ እንደነበረ ያወቀው ጠመዝማዛውን ከወጣ በኋላ ነው።

ደብረ ሲና ደብዳቤውን አስረክቦ ክዳኑን ከፈተ። ምንም አልተነፈሰም።

ሲመለስ ራቢዓ መንገድ ዳር ተቀምጣ ትጠብቀው ነበር። ሞተሯን አቆመ። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ፊቷ ላይ ግን ቀድሞ ያላየው ዕረፍት አለ።

«ለቀቃት፣ አይደል?» አለችው።

ታከለ እጁን ኪሱ ከተተ። ከክዳኑ የፋቀው ሰም እዚያው ነበር።

«ለቀቃት፣ እትዬ» አላት።

ጨርቋን እያራገፈች ወደ ሮቢት መውረድ ጀመረች። እሷ ከዓይኑ እስክትሰወር ጠብቆ ሰሙን አወጣና ጥፍሩ ላይ አድርጎ ለካው። ከአንድ የገብስ ፍሬ አይበልጥም ነበር።