ለስላሳዎቹ ምሰሶዎች

እስቲ ጠጋ በሉ ልጆቼ፤ ወንበሩ ካልበቃ ምንጣፍ አለ። ስለ አንዲት ሆደ ቡቡ ልጅ ላጫውታችሁ።

ሥራዋ የልብ ሕዋሳትን ማጥናት ነው። ባልደረቦቿ «እሹሩሩ» ይሏታል፤ ሕዋሳቷን እንደ ሕፃን ስለምታባብል። ከጥፍር በማትበልጥ የጎማ ቁራጭ ላይ ለዓይን የማይታዩ ምሰሶዎች እንደ ችግኝ ተደርድረዋል። ሕያዋኑን ሕዋሳት እዚያ ላይ ታሰፍራቸዋለች። ሕዋሱ ምሰሶውን ይዞ ሲስብ ምሰሶው ይጎብጣል፤ እሷም በማጉያ መነጽር መጉበጡን አይታ የሕዋሱን ጉልበት ትለካለች።

የእሷ ሕዋሳት ግን፣ ለስላሳዎቹን ምሰሶዎች መርጣላቸው፣ አልስብ አሉ። ድቡልቡል ብለው ተኙ። አለቃዋ ደግሞ «እስከ ዓርብ ካልሳቡ መነጽሩን ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ» ብሏታል። የስንት ጊዜ ልፋቷ ገደል ሊገባ ነው።

«ጠንከር ያለውን ምሰሶ ስጫቸው አላልኩሽም?» አላት ጠረጴዛ የሚጋራት ባልደረባዋ።

«ይጎዱብኛል።»

«እንግዲያው ጡጦም ግዢላቸው።»

አኩርፋ ቤቷ ገባች። እናቷ ደረጃ አዳልጧቸው የእጃቸው አንጓ ተሰብሮ ነበር፤ ጄሶው ከተፈታ ሰንብቷል። ሐኪሙ «እጅዎን ያሠሩት» ቢልም ልጅቷ ማንኪያ እንኳ አታስነካቸውም። ያን ዕለትም እናት ማንቆርቆሪያውን ሊያነሡ ሲሉ ዘላ ነጠቀቻቸው።

«ተይው እማዬ፣ እኔ አለሁልሽ።»

«መኖርሽንማ መች አጣሁት። ሐኪሙ ጄሶውን ቢፈታልኝ አንቺ ጄሶ ሆነሽ ቀረሽብኝ እንጂ። እይው፣ ጣቴ ሁሉ እንደ ተቀቀለ ፓስታ ተልፈስፍሷል።»

ለቀልድ ነው ያሉት። ልጅቷ ግን አልሳቀችም፤ ያን የደከመ መዳፍ አገላብጣ እያየች ቆየች። ድቡልቡል ብለው የተኙት ሕዋሳቷ ዓይኗ ላይ መጡ። ለካስ በፍቅር ስም የሚታገሉትን ነገር ነስታቸው ኖሯል።

በማግሥቱ ሆዷ እየባባ ጠንካራዎቹን ምሰሶዎች አወጣች። ሕዋሳቱን አሰፈረችና ጠበቀች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ መነጽሩ ላይ ብታጎነብስ፣ እነዚያ ሰነፎች እንደ ተዘረጋ መዳፍ ተንሰራፍተዋል፤ ምሰሶዎቹ አንድ ላይ ጎበጥ፣ ቀና፣ ጎበጥ፣ ቀና ይላሉ። ባልደረባዋን ጠራችው። አየና፣ «ጡጦው ይቅር በቃ» አላት።

ማታ እናቷ ሻይ ቀዱ። እጃቸው እየተንቀጠቀጠ ግማሹን ጠረጴዛው ጠጣው። ልጅቷ ሁለት እጇን ጭኗ ሥር ወሽቃ፣ ከንፈሯን ነክሳ ቁጭ ብላለች።

«እጅሽን ምን ነካው?»

«አስሬው ነው፣ እማዬ።»

«እሰይ፣ የኔ ልጅ። በይ አሁን ፍቺውና ጠረጴዛውን ጥረጊልኝ።»

እናንተም ልጆቼ፣ የምትወዱት ሰው ዕቃ ይዞ እጁ ሲንቀጠቀጥ ብታዩ፣ ተሽቀዳድማችሁ ከመንጠቃችሁ በፊት እጇ ላይ የተቀመጠችውን ያቺን ልጅ አስታውሷት። አደራ።