ባልና ሚስት ለየብቻ ሲጠየቁ

ፀጉር አስተካካዩ እንዲህ ፈርቶ አያውቅም። ጥይት ሲንጣጣ እንኳ እጁ አይንቀጠቀጥም የተባለለት ሰው፣ ዛሬ በስደተኞች ጽሕፈት ቤት ኮሪደር ላይ አንዴ ይቀመጣል፣ አንዴ ይነሳል። ይታያችሁ፣ ሚስቱ ፊት ለፊት ካለው በር ጀርባ ሆና ትጠየቃለች፤ እሱ ደግሞ ቀድሟት ተጠይቆ ጉድ ሠርቷታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ሌላ አገር ሄዶ ለመስፈር ባልና ሚስት ለየብቻ ይጠየቃሉ፤ ቃላቸው ካልገጠመ ቤተሰቡ በሙሉ ይወድቃል። ማጣራቱ ክፉ ነው አይልም እሱ። በአገሩ ሰፈሩን ያቃጠሉት ታጣቂዎች ነገ ስደተኛ ነን ብለው እዚያው ወንበር ላይ ሊቀመጡ ይችላሉና፣ ይጣራ እንጂ። ግን እነዚያ ሰዎች ከተማዋን በያዙ ጊዜ አለቃቸውን ይላጭ የነበረው ማን ሆነና? እሱ ራሱ። በጠመንጃ እየነዱ ይወስዱታል፣ ላጭቶ ይመለሳል፤ በዚያ የተነሳ ሁለቱ ሴት ልጆቹ አልተነኩም።

ይህን ብትተነፍስ ታጣቂ ረድቷል ብለው ይጥሉሃል ያለው «ጠበቃው» ነው። ጠበቃው ማለት ጎረቤታቸው ነው፤ ሕግ የተማረ እንዳይመስላችሁ፣ ራሱ ማጣሪያው ላይ ደጋግሞ ወድቆ ሲያበቃ ለሰው ሁሉ ምክር የሚያድል ነው። ባልና ሚስት ተማከሩና ሱቃችን ያን ጊዜ ዝግ ነበር እንበል ተባባሉ። ሚስቲቱ ደግሞ አንዴ እሺ ካለች ምላሷን ቢቆርጧት ንቅንቅ አትልም።

ያበላሸው እሱ ነው። ጠያቂዋ ደህና ሴት ነበረች። ከተማዋ በተያዘች ጊዜ በምን ትተዳደሩ ነበር ብትለው፣ ሱቄ ዝግ ነበር፣ ዘመድ ነው ያበላን አላት። እሷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ዝም ብላ አየችው። ወይ የፀጉር አስተካካይ ነገር! ዕድሜ ልኩን፣ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ዝም ሲል ጨዋታ ማምጣት የእሱ ሥራ ነው፤ ዝምታ አይችልም። ሳያስበው አፉ ተከፈተና ጠመንጃውን፣ አለቃውን፣ ምላጩን፣ ሁሉንም ዘረገፈው። ሴትየዋ ጽፋ ስትጨርስ፣ ተገዶ የሠራ ሰው ጉዳይ ለብቻው ይታያል፣ አይፍሩ አለችው።

«ብቻ የባለቤትዎ ቃል ከእርስዎ ጋር ይግጠም።»

እሱን በሌላ በር አስወጥተው ወደ ኮሪደሩ እስኪያመጡት፣ ሚስቱን ወደዚያችው ሴት አስገብተዋት ነበር።

ከዚያ ወዲያ በሩን በሩን እያየ መለመን ሆነ ሥራው። ተናገሪ፣ እባክሽ፣ ዛሬ እንኳ ቃልሽን እጠፊ ይላል በሆዱ። እንዳያንኳኳ ዘበኛው አፍጦበታል። ሳል ሲመጣበት እንኳ ምልክት ሰጠ እንዳይባል ዋጠው።

በሩ ተከፈተና ሚስቱ ፊቷ በርቶ ወጣች። አጠገቡ ተቀምጣ ወደ ጆሮው ተጠጋች።

«ደጋግመው ጠየቁኝ። ዝግ ነበር ብዬ በልጆቼ ማልኩ።»

ምን ይበላት? በርቺ እንዳይላት ጉድ ፈልቷል፤ እንዳይቆጣት ጥፋቱ የራሱ ነው። ተነሳና፣ ዘበኛው ሳይቀድመው፣ ጠያቂዋ ዘንድ ደረሰ። የበሩን መቃን ይዞ ቆመ።

«ዋሺ ያልኳት እኔ ነኝ። እሷ ምንም አላጠፋችም። እኔን ከጉዳዩ አውጡኝና እሷንና ልጆቹን ላኳቸው» አላት።

ሴትየዋ ይህ እንዲጻፍ ይፈልጋሉ ወይ ብላ ጠየቀችው። ይጻፍ አለ። እስክሪብቶዋን ስታነሳ፣ ሚስቱ ተከትላው መጥታ ከኋላው እንደቆመች ያን ጊዜ ገና አወቀ።

«በልጆቼ የማልኩት እኮ» አለችው ቀስ ብላ፣ «ከአንተ እንዳልለይ ብዬ ነበር።»